አሥር ተመርጠው ስምንት የሄዱበት ካምፕ፦ የአንድ የስዊድን ጉዞ ዝግጅት የጉዳይ ጥናት

መነሻ

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ስምንት ታዳጊዎችን ከአዲስ አበባ ይዘን ስዊድን ወደተዘጋጀ ዓለም አቀፍ የወጣቶች ካምፕ ሄደናል። የተመረጡት ግን አሥር ነበሩ። ሁለቱ ለምን እንደቀሩ፣ የሄዱትም እዚያ ምን እንደገጠማቸው ጽፌ ማስቀመጥ ፈለግሁ። በየዓመቱ እንዲህ ዓይነት ግብዣ የሚደርሳቸው ክበቦች፣ ትምህርት ቤቶችና የሰንበት ቡድኖች ብዙ ናቸው። እያንዳንዱ ቡድን ከዜሮ ነው የሚጀምረው፤ እኛም እንደዚያው ነበርን።

ልጆቹን፣ ቤተሰቦቻቸውን፣ ክበባችንንም ሆነ አዘጋጁን ድርጅት በስም አልጠራም። እኔ ክበቡን ከሚመሩት ሁለት መምህራን አንዷ ነኝ።

ግብዣው

ደብዳቤው የደረሰን ታኅሣሥ 2017 ነው። ካምፑ ከሐምሌ 21 እስከ ነሐሴ 3፣ በፈረንጆቹ ከጁላይ 28 እስከ ኦገስት 9 ቀን 2025 የሚቆይ ነበር። ቦታው ከስቶክሆልም በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል የሚወስደው የዳላርና ግዛት ነው፤ በሲልያን ሐይቅ አካባቢ። ሐይቁ ያለበት ስፍራ ከ370 ሚሊዮን ዓመታት በላይ በፊት ትልቅ የጠፈር አለት ወድቆበት የተፈጠረ ጉድጓድ ጠርዝ ነው። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ከካምፑ ይልቅ ጉድጓዱን ለማየት ጓጉ።

ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 16 የሆነ፣ ከተለያዩ አገሮች የሚመጡ ቡድኖች በድንኳን አብረው ይኖራሉ። የአውሮፕላን ትኬቱንና የካምፑን ወጪ አዘጋጁ ይችላል። ቪዛ፣ የጉዞ ኢንሹራንስና ልብስ የኛ ድርሻ ነው።

የመጀመሪያው ግራ መጋባት የመጣው ከአንድ ቃል ነው። ደብዳቤውን ለወላጆች ስንተረጉም «የበጋ ካምፕ» አልን። መዝገበ ቃላቱ እንደዚያ ነው የሚለው። ወላጆች በጋ ሲባል የጥርና የየካቲት ፀሐይ ነው የታያቸው። አንዲት እናት ለልጇ ቁምጣና ካናቴራ ብቻ ገዝታ መጣች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በዚያ አካባቢ ጁላይ ላይ ቀኑ 20 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ዝናቡም አይታመንም። በሁለተኛው ስብሰባ ላይ «በጋ» የሚለውን ቃል ተውነውና «የሐምሌውን የአዲስ አበባ አየር አስቡ፤ ግን ፀሐይዋ እስከ ማታ አራት ሰዓት አትጠልቅም» አልናቸው። ያኔ ገባቸው።

ወረቀቱ

ዋናው ችግራችን እዚህ ነበር፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ስዊድንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለው የአጭር ጊዜ ቪዛ፣ ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ሊገባ ይችላል። በዚያን ጊዜ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችል ነበር። ስለዚህ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ማስገባት እንችል ነበር። እኛ ያስገባነው ግንቦት 4 ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ድረስ የሠራነው ሥራ ሁሉ የቡድን ሥራ ነበር፦ የቡድኑ ደብዳቤ፣ የቡድኑ በጀት፣ የቡድኑ ስብሰባ። የእያንዳንዱን ልጅ ፋይል አንድ በአንድ የከፈትነው ሚያዝያ ላይ ነው። ትልቁ ስህተታችን ይህ ነው።

ፋይሎቹን ስንከፍት የአንዷን ልጅ ፓስፖርት ከልደት ሰርተፍኬቷ ጎን አስቀመጥኩት። ልጅቷ የተወለደችው ኅዳር 5 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። ይህ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 14 ቀን 2009 ነው፤ ሰርተፍኬቷም እንደዚያው ይላል። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ግን 2010 ነው። አንድ ሰው በሆነ ጊዜ፣ የሆነ ቅጽ ሲሞላ፣ ዓመቱ ላይ 7 መደመር ሲገባው 8 ደምሯል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው፤ ፈረንጆቹ አዲሱን ዓመት ከጀመሩ በኋላ 8 ይሆናል። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ሁላችንም ግን እንሳሳታለን።

የአንድ ዓመት ልዩነት ብዙ አይመስልም። በሁለቱም ዕድሜ ካምፑ ይቀበላታል። ግን ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ሁለት የተለያየ የልደት ቀን የያዘ ፋይል ይዛ ስትቀርብ ጥያቄው ስለ ቀኑ ብቻ አይሆንም። የትኛው ወረቀት እውነት ነው የሚለው ይከተላል። ሰርተፍኬቱን ይዘን ፓስፖርቱን ለማሳረም አመለከትን። አልደረሰም። ማብራሪያ ደብዳቤ አያይዘን እናስገባ ወይስ እንተው ብለን ከእናቷ ጋር ተማከርን። ክልከላ ቢመጣ መዝገብ ላይ ይቀራል፤ ለወደፊቱም ያስጠይቃታል። ስለዚህ ተውነው። ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ታኅሣሥ ላይ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ቢሆን ኖሮ ግን ጊዜው ይበቃን ነበር። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ ለእሷም እንደዚያው ነግሬያታለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ስም ነው። ስዊድናውያኑ የላኩት ቅጽ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አለው። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የለም። ፓስፖርቱ ላይ በዚያ ቦታ የሚገባው የአያት ስም ነው። እናትየው የራሷን አባትና አያት ስም ነው የምትይዘው። ከውጭ ሲታይ እናትና ልጅ ምንም የሚያገናኛቸው ስም የለም። የካምፑ አስተባባሪ «ይህች ሴት የልጁ ሕጋዊ አሳዳጊ ናት?» ብላ በቅንነት ጠየቀች። የኢትዮጵያን የስም አጠራር የሚያስረዳ ግማሽ ገጽ ጽፈን በእያንዳንዱ ፋይል ላይ አያያዝነው። ቀላል ነገር ነው፤ በጣም ጠቀመን። በላቲን ፊደል ያለው አጻጻፍም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ እንዲሆን የግብዣ ደብዳቤዎቹን እንደገና አስጻፍን። የመጀመሪያው ግብዣ «ከኢትዮጵያ የሚመጡ አሥር ወጣቶች» የሚል ነበር። ይህ አይበቃም። እያንዳንዱ ልጅ በስሙ፣ በልደት ቀኑና በፓስፖርት ቁጥሩ የተጻፈ፣ ማን ምን እንደሚከፍል የሚገልጽ የራሱ ደብዳቤ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው የወላጆች ፈቃድ ነው። ሁለቱም ወላጆች ውልና ማስረጃ ቀርበው የፈቃድ ሰነድ ፈረሙ፤ ከዚያም ተተረጎመ። የአንዱ ልጅ እናት ግን ዱባይ ነች። ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። የምታርፈው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ያም ቀን የቆንስላው በር የሚከፈትበት ላይሆን ይችላል። ፈቃዷን እዚያ ባለው ቆንስላችን አረጋግጣ፣ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ልካ፣ እኛ ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አሳይተን እስክንጨርስ አምስት ሳምንት ወሰደ። ግንቦት 4 ስናስገባ አልደረሰም ነበር። የአባቱን ብቻ ይዘን ገባን፤ ተከለከለ። ሰኔ 12 ቀን የእናቱን ጨምረን እንደገና አስገባን። ሐምሌ 4 ቪዛው ወጣ። እናቱ ስልክ ላይ ስታለቅስ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

አራተኛው ጉዳይ ዛሬም ያሳዝነኛል። የአንድ ልጅ አባት ትንሽ ሱቅ አለው። አካውንቱ ላይ ያለው ገንዘብ ያንሳል ብሎ ፈራ። ማመልከቻው ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከዘመድ ከጎረቤት ተበድሮ አካውንቱ ውስጥ አስገባ። ማንም አላዘዘውም፤ ሰው ነግሮት ነው። የባንክ ስቴትመንቱ ላይ ለወራት ዝቅተኛ የነበረ ሒሳብ በአንድ ቀን ዘለለ። ልጁ ተከለከለ። ምክንያቱ ተብሎ የተሰጠው፣ ቪዛው ሲያበቃ ይመለሳል የሚለው አላሳመነንም የሚል ነው። እንደገና ስናስገባ አባትየው የገንዘቡን ነገር በሐቅ ጻፈ። አሁንም ተከለከለ። ልብ በሉ፣ የልጁን ወጪ የሚሸፍነው አዘጋጁ ነበር፤ የአባትየው ትንሽ ሒሳብ ምንም አይጎዳውም ነበር። ይህን በግልጽ መንገር የነበረብን እኛ ነን። «ስቴትመንት አምጡ» ብለን ብቻ ለቀቅናቸው።

በጎ ነገርም ነበር። ለአዋቂ የቪዛ ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ለአሥሩም ልጆች ያንን በጀት ይዘን ነበር። የካምፑ አስተባባሪ ግን በሸንገን ቪዛ ሕግ ላይ፣ ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በታች ሆኖ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅትን ወክለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ባዘጋጀው የባህል ወይም የትምህርት ዝግጅት ላይ የሚሳተፉ ሰዎች ከቪዛ ክፍያ ነጻ እንደሆኑ ጻፈችልን። ይህንኑ የሚጠቅስ ደብዳቤ አያይዘን አስገባን፤ ልጆቹ አልከፈሉም። የተረፈው ገንዘብ ለዝናብ ልብስ ዋለ። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ጣት አሻራ ከ12 ዓመት ጀምሮ ስለሚወሰድ ልጆቹ ሁሉ በአካል መቅረብ ነበረባቸው። ከሁለታችን መምህራን ደግሞ አዘጋጁ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ጠየቀን። በስዊድን ከልጆች ጋር ለሚሠራ ሰው ይህ የተለመደ ነው፤ እኛም አገር ቢለመድ ደስ ይለኛል።

ልጆቹን ማዘጋጀት

ወረቀቱ ሰባት ወር በላ። ለልጆቹ የቀረን ከሰኔ ፈተና በኋላ ያሉት ጥቂት ቅዳሜዎች ነበሩ።

የካምፑ ቅጽ «መዋኘት ትችላለህ?» ይላል። ሁሉም «አዎ» ብለው ሞልተው ነበር። አንዱ «ቲቸር፣ እኔ ሶደሬ ዋኝቻለሁ» አለኝ። በስዊድን ዋና መቻል ማለት ግን የታወቀ ልክ አለው። ጥልቅ ውኃ ውስጥ ወድቀህ፣ ራስህን ካወጣህ በኋላ 200 ሜትር ትዋኛለህ፤ ከዚያ ውስጥ 50 ሜትሩ በጀርባ ነው። አንድ ቅዳሜ ወደ ዋና ገንዳ ወሰድናቸው። ከስምንቱ ይህን ያለፈችው አንዲት ልጅ ብቻ ነች። ሁለቱ ጥልቅ ውኃ ሲያዩ ጠርዙን አልለቅም አሉ። ልጆቹ ውሸታሞች ስለሆኑ አይደለም። ሶደሬ ሙቅ ውኃ ውስጥ ቆሞ መጫወት ለእነሱ ዋና ነው። ቅጹን አስተካክለን እንደገና ላክን። ካምፑ ሰባቱን ከጀማሪዎች ጋር መደባቸው፤ ጀልባ ላይም ሐይቅ ዳርም ላይፍ ጃኬት ሳይለብሱ አልወጡም። ቅጹ እንደነበረ ሄዶ ቢሆን ምን ሊፈጠር እንደሚችል ሳስበው አሁንም ልቤ ይደነግጣል።

ልብሱን ያገኘነው መርካቶ ሰልባጅ ተራ ነው። የሱፍ ሹራብ፣ የዝናብ ጃኬትና ቦቲ ጫማ በመጠነኛ ዋጋ ተገኘ። ጥጥ ሲረጥብ ሰውነት ያቀዘቅዛል፤ ሱፍ ግን ረጥቦም ቢሆን ይሞቃል። ይህን ለወላጆች ማስረዳት ነበረብን፤ ሁሉም ጋቢ ሊያስይዝ ነው የሚፈልገው። ጋቢ ለምሽት ቁጭታ ተፈቀደ፤ ለመኝታ ስሊፒንግ ባግ ከካምፑ ተዋስን።

ስለ ወባ ደጋግመው ጠየቁን። ስዊድን ውስጥ ወባ የለም። መጠንቀቅ ያለባቸው ከመዥገር ነው። እኛ መዥገርን የከብት ነገር አድርገን ነው የምናውቀው፤ እዚያ ግን በሣርና በቁጥቋጦ መሃል ሰው ላይም ትጣበቃለች፤ በሽታም ታስተላልፋለች። የአንጎል መቆጣት ለሚያመጣው በሽታ ክትባት ቢኖርም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች በሳምንታት ልዩነት ስለሚሰጡ ጊዜው አመለጠን። ረጅም ሱሪ፣ ካልሲ ሱሪው ላይ መሳብ፣ ማታ ማታ ሰውነትን መፈተሽ ልማድ አደረግን።

ሌላው ልምምድ የንግግር ነበር። ስዊድኖች አስተማሪንም ሆነ አዛውንትን በስሙ ነው የሚጠሩት። ልጆቻችን ትልቅ ሰው ሲያናግራቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ይጥላሉ፤ አክብሮት ነው። እዚያ ያለ ሰው ግን «አልተመቸውም» ወይም «አይፈልግም» ብሎ ሊረዳው ይችላል። «አልፈልግም»፣ «አልገባኝም»፣ «ደክሞኛል» ማለትን በጨዋታ መልክ ተለማመድን። ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሰጠነው። ሦስት ቅዳሜ ይገባው ነበር።

ከመሳፈራችን በፊት በነበረው ምሽት ሻንጣ ፈተሽን። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ከሦስት ሻንጣ ቋንጣ፣ ከአንዱ ደግሞ በጠርሙስ የታሸገ ንጥር ቅቤ ወጣ። እናትየዋ ቅር አላት፤ «ልጄ ምን ሊበላ ነው?» አለች። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ ቡናና ብዙ ድርቆሽ ግን ይዘን ሄድን።

እዚያ

ችግር ይሆናል ብለን የፈራነው ብርዱን ነበር። ያስቸገረን ብርሃኑ ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው ማታ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ተመልሳ ትወጣለች። በመካከሉም ድፍን ጨለማ የለም። ድንኳኑ ቀጭን ነው። ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲመሽ ያደጉ ልጆች ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጡ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱ በጨዋታ መሃል አለቀሱ፤ ናፍቆት መሰለን። አንዷ ልጅ ነጠላዋን አራት ላይ አጥፋ ዓይኗ ላይ አስራ ተኛች። በማግስቱ ሁሉም ያን አደረጉ። የዓይን መሸፈኛ መያዝ የሚባል ነገር በአርባ መስመር የዕቃ ዝርዝራችን ውስጥ አልነበረም።

የጾሙ ጉዳይ ቀድመን ያሰብንበት ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ተሳስተናል። ከስምንቱ አምስቱ ኦርቶዶክስ ናቸው። ካምፑ ውስጥ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ሁለት ረቡዕና አንድ ዓርብ አለ፤ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። ቀኖቹን በሰንጠረዥ አዘጋጅተን «በእነዚህ ቀናት ሥጋ አይበሉም» ብለን ጻፍን። የመጀመሪያው ረቡዕ ወጥ ቤቱ ድንች በአይብ አቀረበ። ልጆቹ ምንም አላሉም። ዳቦና ዱባ ቢጤ ቀማምሰው ተነሱ። እኔ ያወቅሁት ዓርብ ጠዋት ነው። ወጥ ቤት ገብቼ «ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ አይብ የለም፣ እንቁላል የለም» አልኩ። ሴትዮዋ ወዲያው ገባት፤ «ቪጋን ነዋ!» አለች። ያቺ አንድ ቃል ቅጹ ላይ ብትጻፍ ኖሮ ነገሩ ያኔ ያልቅ ነበር። በስዊድን የካምፕ ወጥ ቤት ለቪጋን ማብሰል የዕለት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ምስር በኮኮናት ወተት በልተው «ከቤት የተሻለ ጾም ነው» እስከማለት ደረሱ።

ለሰዓቱ ደግሞ ወላጆች ከመሄዳችን በፊት የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ጠይቀን ነበር። እየዋኙና ተራራ እየወጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት አደገኛ ነው። አባቶች ልጆቹ ከምግቡ እየጾሙ ጠዋት እንዲበሉ ፈቀዱ። ሙስሊሙ ልጅም የሰፈሩን ኡስታዝ ቀድሞ ጠይቆ ነበር፤ በዚያ ዘግይቶ በሚመሽበት አገር የማታ ሶላቱን መቼ እንደሚሰግድ መልሱን ይዞ ሄደ። የሃይማኖት ጥያቄ ካምፕ ውስጥ በአስተማሪ እንዲፈታ አይተው። እኔ አባ አይደለሁም፣ ኡስታዝም አይደለሁም።

ስልክ ሌላ ራስ ምታት ነበር። ካምፑ ስልክ ሰብስቦ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ይመልሳል። ይህን እኛ እናውቅ ነበር፤ ለወላጆች ግን አልነገርንም። የመጀመሪያው ምሽት ቴሌግራም ግሩፑ ተቃጠለ። አንድ አባት ኤርፖርት ሊሄድ ተነስቶ ነበር። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በአዲስ አበባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ በስዊድን ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ አንድ መልእክትና ሁለት ፎቶ እልካለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። አንድም ቀን አላዘገየሁም። ግሩፑ ፀጥ አለ።

ገንዘብም አስቸገረ። ልጆቹ ትንሽ ትንሽ ዶላርና ዩሮ ይዘው ነበር። ስዊድን ክሮና ነው የምትጠቀመው፤ ብዙ ሱቅ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ጭራሽ አይቀበልም። አይስክሬም የሚሸጠው ልጅ ካርድ ብቻ ነው ያለን። በስልክ የሚከፍሉበት መተግበሪያም የአገሩ ባንክ አካውንት ይፈልጋል። ከአስተባባሪዋ ጋር ተነጋግረን እሷ በካርዷ ከፈለች፤ እኛ ዩሮውን ሰጠናት። ለነገሩ መፍትሔ ነው፤ ልጆቹ ግን በየጊዜው ማስፈቀዳቸው አሳፍሯቸዋል።

አንድ ቅዳሜ የአንዱ ልጅ አጎት ከስቶክሆልም መኪና ነድቶ መጣ። ልጁን ለሁለት ቀን ልውሰደው አለ። ስጦታ ይዟል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከልጁ ጋር የተያዩት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። እኛ ደግሞ ከወላጆች ጋር የተፈራረምነው ወረቀት አለ፦ በጽሑፍ ፈቃድ ካልተሰጠን በቀር ማንም ልጅ ከዘመድ ጋር ከካምፑ አይወጣም። ይህን ስንፈርም ስለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በግልጽም ተነጋግረንበታል። ልጅ እዚያ ቢቀር የሚጎዳው ልጁ ራሱ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ወደፊት የሚያመለክት ልጅ ሁሉ። አጎትየውን «ወንድሜ፣ ልጁን መስጠት አልችልም፤ አንተ ግን እዚሁ ዋል» አልኩት። ተቆጣ። ትንሽ ቆይቶ ተረጋጋ። እስከ ማታ ከኛ ጋር ዋለ፤ የባህል ምሽታችንም ያን ዕለት ስለነበር ጀበናውን የያዘው እሱ ነው።

የባህል ምሽቱ ራሱ በስዊድን ልክ ተለወጠ። ቡናውን በከሰል ልንቆላ አስበን ነበር። ያን ሳምንት ግን ደረቅ ስለነበር ሜዳ ላይ እሳት ማንደድ ተከልክሏል። በ2018 በፈረንጆቹ የደረሰባቸውን ከባድ የደን ቃጠሎ ስለሚያስታውሱ በዚህ አይቀልዱም። እንደ ዕድል ግማሹን ቡና ቆልተን ነው የሄድነው። ጀበናው የወጥ ቤቱ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ተጣደ። ዕጣኑ ውጭ በትንሽ ሸክላ ጨሰ። ድርቆሽ ፍርፍሩ ግን ከሁሉም በፊት አለቀ።

ለሌላ ቡድን የሚሆን

ከሁሉ በፊት የልጁን ፋይል ክፈቱ። ግብዣው በደረሰ ሳምንት ፓስፖርት፣ የልደት ሰርተፍኬትና የወላጅ መታወቂያ ጎን ለጎን ይታዩ። የልደት ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ራሳችሁ አስሉ፤ በሌላ ሰው ስሌት አትተማመኑ። ወላጅ ውጭ አገር ከሆነ የፈቃዱን ሥራ በዚያው ሳምንት አስጀምሩ።

ወላጆችን ስለ ገንዘብ ፊት ለፊት አናግሩ። አካውንቱ እንዳለ ይቅረብ። ትንሽ ቢሆንም እውነተኛ ይሁን።

ቅጽ ላይ የሚሞላ ነገር ሁሉ ይፈተሽ። ዋና ከሆነ ገንዳ ውሰዷቸው። ምግብ ከሆነ የማይበሉትን አንድ በአንድ ዘርዝሩና «ቪጋን» የሚለውን ቃል ጨምሩ። ዓሣ የሚበሉና የማይበሉ ቤተሰቦች ካሉ ጥብቁን ያዙ፤ እኛ እንደዚያ አድርገን ክርክር አልገጠመንም።

ወላጆች ስለ ስልክ፣ ስለ ዘመድ ጉብኝትና ስለ ዕለታዊ መልእክት ከመነሳታችሁ በፊት ይወቁ፤ በጽሑፍም ይፈርሙ። ቃል የገባችሁት ሰዓት ላይ መልእክቱ ይድረስ።

ከዝግጅቱ ጊዜ ግማሹን ለልጆቹ አስቀምጡ። ለኛ ያልተሳካልን ይህ ነው። በድንኳን አንድ ሌሊት፣ በዝናብ አንድ ጉዞ፣ «አልፈልግም» የሚባልበት ብዙ ልምምድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ረቡዕ አምስት ልጆች ርቧቸው ዝም ያሉት ቋንቋ አጥተው አይደለም፤ ትልቅ ሰው ያቀረበውን ምግብ እንዴት እንደሚመልሱ ስላላስተማርናቸው ነው።

ከተመለስን በኋላ

ስምንቱም ነሐሴ 4 ቀን ቦሌ ገብተዋል። ቪዛ የተከለከለው ልጅ መስከረም ላይ ወደ ክበቡ ተመልሷል። አባቱ ብድሩን ከፍሎ ጨርሷል፤ ልጁ አሁን ለሚቀጥለው ቡድን የዋና ልምምዱን መዝገብ ይይዛል።

ፓስፖርቷ የተበላሸባት ልጅ በዝግጅቱ ጊዜ አንድም ቅዳሜ አልቀረችም ነበር። መሄድ እንደማትችል ካወቀች በኋላም መጥታለች። ድርቆሹን ከእናቷ ጋር አድርቃ ያመጣችው እሷ ነች። የታረመው ፓስፖርት የወጣው በ2018 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉ ገና ሳይሞላ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ከፍታ አስቀመጠችው። ጣቷን ቀኑ ላይ አድርጋ «ቲቸር፣ አንቺ ደግሞ አስዪው» አለችኝ። ወረቀት አወጣሁና አሰላሁት። ኖቬምበር 14፣ 2009።